የልብስ ሰፊው ግድግዳ

ሰፈሩ «ሽው» ነው የሚላት። ቁጭ ብላ ያያት ሰው የለም፤ አውቶቡስ ላይ ትኬት ስትቆርጥ ቆማ ትውላለች፣ ቤት ስትገባም እጇ አያርፍም። የዓመት ፈቃዷን ወስዳ የአባቷን ክፍል ልትቀባ ስትነሳ ታዲያ ማንም አልገረመውም።

ነገሩ ግን የቅብጥብጥነት ብቻ አልነበረም። ታላቅ ወንድሟ ባለፈው መጥቶ ግድግዳው ላይ ያለውን ሻጋታ ሲያይ ፊቱን አጨፍግጎ፣ «ይሄ ሰው የሚኖርበት ቤት ነው? ስመለስ እንዲህ ካገኘሁት አባዬን ይዤው ነው የምሄደው» ብሏታል። ወንድሞች እንዲህ ናቸው፤ በዓመት አንዴ ብቅ ብለው ቤት ይመረምራሉ። እሱ የሚኖረው ሩቅ ከተማ፣ ፎቅ ላይ ነው። አባቷ ልብስ ሰፊ ነበሩ፤ ዓይናቸው ከጠፋ ቆይቷል። እዚያ ከሄዱ መጸዳጃ ቤት እንኳ ሰው እጃቸውን ይዞ ሊወስዳቸው ነው። እዚህ ግን ማንንም አስቸግረው አያውቁም። እንዴት እንደሚሆንላቸው ጠይቃቸው አታውቅም፤ ቤቱን ለምደውት ነው ብላ ትተወዋለች።

«ቀለሙ ምን ይሁን አባዬ?»

«አንቺን ደስ ያለሽ ይሁን። እኔ እንደሆንኩ አላማርጥም!» ብለው ሳቁና ሽታው እስኪወጣ ጎረቤት ሰነበቱ።

ግድግዳው አስቸጋሪ ነበር። የድሮው የዘይት ቀለም እንደ ሽንኩርት ልጣጭ ተነሳ፤ ከሥሩ ኖራ፣ ከኖራው ሥር እርጥበት። ሻጋታውን በበረኪና አጠበችው። እስኪደርቅ መጠበቅ ነበረባት፤ መጠበቅ ደግሞ ለሽው ሞት ነው። ትገባለች፣ መዳፏን ትለጥፍበታለች፣ ተነጫንጫ ትወጣለች፣ ተመልሳ ትገባለች። ሲደርቅላት ስፓቱላዋን ይዛ ስንጥቁን ሁሉ በስቱኮ ሞላች፤ ከአልጋው ራስጌ እስከ በሩ የሚሄደውን ረጅሙን ስንጥቅማ ደጋግማ። የምስማር ቀዳዳ፣ እብጠት፣ ጠባሳ፣ አንድም አላስቀረችም። በብርጭቆ ወረቀት ስትፈገፍግ ቅንድቧ ሳይቀር ነጣ። ቀለሙን በሩሎ ስታለብሰው ግድግዳው ከዳር እስከ ዳር ልስልስ አለ።

ወንድሟ በሚመጣበት ዕለት አባቷን እጃቸውን ይዛ አልጋቸው ላይ አስቀመጠቻቸው። ወንድሟ ገባ፤ ዙሪያውን አየ።

«ጎሽ! ቤት ማለት ይሄ ነው» አለ። ሽው ደስታ ሊያፈነዳት ደረሰ።

አባቷ ወደ መጸዳጃ ቤት ሊሄዱ ተነሱ። እንደ ወትሯቸው እጃቸውን ግድግዳው ላይ አሳርፈው ትንሽ ተራመዱና ቆሙ። መዳፋቸው ወደ ላይ ወጣ፣ ወደ ታች ወረደ። ዞሩ፤ ከቁምሳጥኑ ጋር ተላተሙ።

«አባዬ?»

«የት ነው ያስገባችሁኝ?» አሉ። «ስንጥቄ የታለ?»

ሽው ያኔ ገባት። ለወንድሟ ዓይን ብላ የአባቷን መንገድ በስቱኮ ደፍናዋለች።

«አየሽ» አለ ወንድሟ ቀስ ብሎ። «ብቻውን አይሆንለትም። ልብሱን አዘገጃጂለት።»

«ትንሽ ታገሰኝ ወንድም ጋሼ» አለችና ስፓቱላዋን አነሳች። የአባቷ እጅ በሚያርፍበት ቁመት፣ ከራስጌው ጀምራ፣ ያን ያህል የለፋችበትን ግድግዳ እየቦረቦረች ወደ በሩ ሄደች። ነጭ ዱቄት ወለሉን ሞላው። ወንድሟ «ምን ነካሽ? አብደሻል እንዴ!» እያለ ይከተላታል። ጆሮ ዳባ ልበስ አለችው። በሆዷ ግን «ባይሆንስ?» ትላለች።

በሩ ጋ ስትደርስ ተመልሳ የአባቷን ጣት ጭረቱ ውስጥ አኖረችው።

አባቷ ጣታቸውን እያስኬዱ ተራመዱ። መሃል ላይ ቆም ብለው ዳሰሱ።

«ስፌትሽ ጠማማ ነው» አሉ።

ቀጠሉ፤ በሩን አገኙት፤ ወጡ። የመጸዳጃ ቤቱ በር ከውስጥ ሲቀረቀር ተሰማ።

ወንድሟ የተቦረቦረውን ግድግዳ ሲያይ ቆየ።

«ተይው፣ ልብሱን» አለ።

ሽው ስፓቱላዋን እንደያዘች አቧራው ላይ ቁጭ አለች።