በቆርቆሮው ቀዳዳ ያየሁት ምጥ

ውሻችን መውለጃዋ ሲደርስ እማዬ መጀመሪያ ያደረገችው ነገር እሷን ከሰው ዓይን መደበቅ ነበር። እኛ ሰፈር፣ ፈረንሳይ ለጋሲዮን፣ ቤቶቹ ዳገቱን የሚወጡት ተደጋግፈው ስለሆነ ከላይኛው ጎረቤት በረንዳ ግቢያችን ቁልጭ ብሎ ይታያል። ስለዚህ ጓሮ ያለችውን የቆርቆሮ ማድቤት አስለቅቃ፣ አሮጌ ብርድ ልብስ አንጥፋ በሩን ዘጋችባት።

«ማንም እንዳያያት። አንቺም ጭምር! ዓይን ይበላታል።»

እኔ ደግሞ ያየሁትን ሁሉ መጻፍ የጀመርኩበት ሰሞን ነው። የአማርኛ አስተማሪያችን ድርሰቴን ለክፍሉ ካነበበችው ወዲህ ደብተር ከእጄ አይጠፋም። ቅዳሜ ጠዋት እማዬ ልብስ ስታጥብ ተደብቄ በማድቤቷ ቆርቆሮ የሚስማር ቀዳዳ አየሁና ጻፍኩ፦ «ሦስት ሰዓት ከሩብ። አጥብቃ እያማጠች ነው። ጀርባዋ እንደ ቀስት ጎብጧል።» «ቀስት» የምትለዋ በጣም ደስ አለችኝ።

ሦስት ተኩል ሆነ፤ ታምጣለች፣ ምንም የለም። አራት ሰዓት ሊሆን ሲል ከጅራቷ ሥር ጥቁር አረንጓዴ ፈሳሽ ወጣ። ቡችላ ግን የለም። ይህንንም ጻፍኩና እስክሪብቶዬን አቆምኩ። ብናገር ማየቴ ይታወቃል። ደግሞስ የጎዳት የእኔ ዓይን ቢሆን?

ከዚያ አቃሰተች። ሮጥኩ።

«እማዬ፣ ውሻዋ መውለድ አቅቷታል!»

«በምን አወቅሽ?» አለች፣ እጇ አረፋ እንደሆነ።

ደብተሬን ከኋላዬ ደበቅኩ።

«አይተሻታል! አንቺ ልጅ፣ አላልኩሽም?»

በሩን ስንከፍተው ውሻችን ቀና እንኳ አላለችም። እማዬ ደንግጣ፣ ክትባት የሰጠቻት የእንስሳት ሐኪም ጋ ደወለች። ሐኪሟ መጀመሪያ «ምንም ነገር እንዳትጎትቱ!» አለች። ቀጥላ «ማማጥ የጀመረችው ስንት ሰዓት ነው?»

እማዬ ዘግታባት ስለነበር አታውቅም። ወደ እኔ ዞረች። ደብተሬን ገልጬ ስልኩ ላይ አነበብኩ፤ ሰዓቱን፣ ፈሳሹን፣ ቀስቱን ሳይቀር።

«ቀስቱን ተዪው፣ የኔ ቆንጆ» አለች ሐኪሟ። «ግማሽ ሰዓት ሙሉ አጥብቃ አምጣ ካልወለደች ችግር አለ። አንድም ቡችላ ሳይወጣ አረንጓዴ መታየቱ ደግሞ የባሰ ነው። አሁኑኑ ይዛችኋት ኑ።»

እማዬ «ምጥ የያዛት አለች» ብላ ላዳ ጠራች። ሾፌሩ በሩን ከፍቶ «ወላዷስ?» አለ። ብርድ ልብሱ ውስጥ የተጠቀለለችውን ሲያይ «ኧረ እትዬ! ውሻ?»

«ምጥ ምጥ ነው፤ ንዳ!»

የሐኪሟ ክሊኒክ እስካለበት ሲ.ኤም.ሲ ድረስ ጡሩምባውን እየነፋ ነዳ። እኔ ጭንቅላቷን ይዤ ትንፋሿን እቆጥር ነበር።

የመጀመሪያው ቡችላ በጎን ዞሮ መውጫውን ዘግቶት ነበር። ሐኪሟ ጓንት አድርጋ፣ በቅባት አለስልሳ፣ ቀስ ብላ አዙራ አወጣችው። በፎጣ ብታሸው፣ ብታሸው አልተነፈሰም። እማዬ ፊቷን አዞረች።

«የቀሩት ልባቸው ይመታል» አለች ሐኪሟ ማዳመጫዋን የውሻችን ሆድ ላይ አድርጋ። መርፌ ወጋቻት። ጠበቅን። እማዬ እጄን አጥብቃ ያዘችኝ፤ አልተቆጣችኝም። በመጨረሻ አንድ ቀጭን ጩኸት ሰማን። ከዚያ ሁለተኛ። ሦስተኛ።

ቤት ስንመለስ እናትየዋን ከሦስቱ ጋር ማድቤቷ ውስጥ አስተኛናቸው። እማዬ በሩን ልትዘጋ ያዘችውና ተወችው። ዱካ አምጥታ ከውሻችን አጠገብ አስቀመጠችልኝ።

«ቁጭ በይ። ማን እንደጠባ፣ ማን እንዳልጠባ ጻፊልኝ፤ ሰዓቱንም።»

ከዚያ የጎረቤታችንን በረንዳ ቀና ብላ አየችና ነጠላዋን በሩ ላይ ሰቀለችው፤ እኔን ከነደብተሬ ከውስጥ አድርጋ።