ጓንቴን ያወለቅኩበት ድንጋይ

ቆይ ቆይ፣ ፍሪጅ ነው የበላው ያላችሁት? ይሄን ጣቴን? ጆሃንስበርግ ዳር፣ ካትሌሆንግ ሱቅ ውስጥ የቆመ የአይስክሬም ፍሪጅ? እኔ እኮ ያንን ፍሪጅ ብቻዬን ተሸክሜ መንገድ ያሻገርኩ ሰውዬ ነኝ። እሺ፣ ሁለት ነበርን። ጣቴን የበላው ግን አንታርክቲካ ነው። ከአራተኛ ክፍል ያቋረጠ ሰው እዚያ ምን ይሠራል ለምትሉ፣ ብየዳ ይሠራል። በረዶው ዲግሪ አይጠይቅም።

የጆበርጉ አሠሪያችን እዚያ ያለ የሬዲዮ ምሰሶ የመጠገን ሥራ አገኘ። ወረቀቱ የተሟላ፣ ከፍታ የማይፈራ በያጅ ሲባል ቀድሜ እጄን ያወጣሁት እኔ ነኝ። አብረውኝ የሄዱት ፎርማናችን ናቸው፣ ካትሌሆንግ አጠገብ ቶኮዛ የሚኖሩ ሽማግሌ ዙሉ። ባባ እላቸዋለሁ፣ አባባ እንደማለት። እሳቸው ምፋና ይሉኛል፣ ጎረምሳው።

መንገዱን ሙሉ ስቀልድ ነበር። ድንጋዩን እስካይ ድረስ። ዙሪያውን እስከ ሰማይ ድረስ በረዶ ነው፤ ቤት የለ፣ ዛፍ የለ፣ ወፍ የለ። መሃሉ ላይ አንድ ጥቁር የተራራ ጫፍ ብቻ ወጥቷል። የቀረው ተራራ እንዳለ ከበረዶው ስር ተቀብሯል አሉን። የሰጠመ ሰው እጁን ብቻ ያወጣ ነው የሚመስለው። ምሰሶው የቆመው እሱ ላይ ነው።

የበረዶ መኪናው ሹፌር ከስር ቀረ፣ እኔና ባባ ወጣን። ጓንታችን እንዳይወድቅ ከክንዳችን ጋር በገመድ የታሰረ ነበር። እኔ እንደ ሕፃን ልጅ ታስሬ አልሠራም ብዬ ገመዱን ቆርጬዋለሁ። ሥራውን ጨርሰን ባባ ሰማዩን አዩና፣ «ንፋስ መጣ፣ እንውረድ» አሉ። ወገቤ ላይ እንዳስረው የመውረጃውን ገመድ ጫፍ ከነብረት መንጠቆው ዘረጉልኝ።

እንግዲህ እኔ ያደግኩበት ቤት ታላቅ ሰው የሰጠህን ነገር በጓንት አትቀበልም። ሳላስበው የቀኝ ጓንቴን በጥርሴ አወለቅኩ፣ ጎንበስ ብዬ በሁለት እጄ ተቀበልኩ።

ንፋሱ ጓንቱን ከአፌ ነጠቀው። መንጠቆው መዳፌ ላይ ተጣበቀ። ስላቅቀው ቆዳዬን ይዞ ሄደ። ቀና ስል መኪናው የለም፣ በረዶው የለም፣ ሁሉም ነጭ ሆኗል። ባባ በሬዲዮ ጮሁ። ሹፌሩ፣ «የራሴን መብራት ማየት አልቻልኩም፣ ካላችሁበት እንዳትነቃነቁ» አለ። ትርፍ ጓንቱ መኪናው ውስጥ ነው።

ድንጋይ ተከልለን ተቀመጥን። ባባ ልብሳቸውን ከፍተው እጄን ሆዳቸው ላይ ለጠፉት። ሲሰቀጥጣቸው አየሁ።

«ምን አስበህ ነው ያወለቅከው?»

«አክብሬዎት ነው ባባ።»

«ሬሳህ ነው የሚያከብረኝ?»

ጣት የሌለው በያጅ ማን ይቀጥራል? በቀን አንዴ እንኳ የማላስባት እናቴ ፊቴ ላይ መጣችብኝ።

«የእኛም ቤት በሁለት እጅ ነው የሚቀበሉት» አሉ ቆይተው፣ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው። ከዚያ ጣቶቼን አንድ በአንድ መቆንጠጥ ጀመሩ።

«ይሄ?»

«ይሰማኛል።»

«ይሄስ?»

«ይሰማኛል።»

ትንሿ ጋ ደረሱ። «ይሄ?»

እየጠበቅኩ ነበር። እስኪቆነጥጡኝ።

«ይሄ፣ ምፋና?»

«ጀመሩ እንዴ ባባ?»

እጄን ሆዳቸው ላይ አጥብቀው ያዙና በዙሉ መጸለይ ጀመሩ። እኔም ሰው ሲጸልይ የማፌዘው ሰውዬ፣ ቃሉን ሳላውቀው ተከተልኳቸው። ስንት ሰዓት እንደቆየን አላውቅም። ጸሐይዋ እዚያ አትጠልቅም፣ በምን ታውቃለህ? ንፋሱ ሲረግብ ሹፌሩ በእግሩ ወጥቶ ገመድ አስሮ አወረደን። አራቱ ተረፉ። የትንሿ ጫፍ ተቆርጣ ቀረች።

አሁንም ፍሪጅ ነው የምትሉ ካላችሁ ታክሲ ያዙና ቶኮዛ ውረዱ። ባባን ጠይቁ። የማን እጅ ሆዳቸው ላይ እንደነበር ይንገሯችሁ።