ጨረሩን ያቆመው ትንፋሽ

ጨረሩ ቆመ። ክፍሉ ጸጥ አለ። እኔ በጀርባዬ ተኝቻለሁ።

ሐኪሙ አስቀድሞ አስረድቶኝ ነበር፤ ልጄ ከዕብራይስጥ እየተረጎመችልኝ። ሳንባዬ ውስጥ ያለው ዕጢ ስተነፍስ ከፍና ዝቅ ይላል። ኮምፒውተሩ ዓይኑን አይነቅልበትም። ዕጢው ከቦታው ሲወጣ፣ ልቤን እንዳይነካ ጨረሩን ያቋርጠዋል። «አንቺ ብቻ ቀስ ብለሽ ተንፍሺ» አለችኝ ልጄ።

ቀስ ብዬ ነበር የምተነፍሰው። ባለሙያዋ ከወዲያኛው ክፍል በድምፅ ማጉያ «ኢማ፣ ቤሴደር?» ትለኛለች፤ እናቴ፣ ደህና ነሽ ወይ ማለቷ ነው። እመልስላታለሁ። ጨረሩ ይጀምራል፤ ደግሞ ይቆማል።

ደነገጥኩ። በሽታው ሸሽቶ ልቤ ውስጥ ገባ ብዬ ልጆቼን አንድ በአንድ ለፈጣሪ አደራ ሰጠሁ።

ባለሙያዋ ልጄን ጠርታ አብረው ገቡ። የባለሙያዋ ፊት ተጨንቋል። «እንዲህ ከሆነ ዛሬ አንችልም። ዕቅዱን እንደ አዲስ መሥራት ሊኖርብን ነው» አለች፤ ልጄ ተረጎመችልኝ። ከዚያ ልጄን ወደ ወዲያኛው ክፍል ወስዳ አጠገቧ አስቀመጠችና አንድ ጊዜ ሞከረች።

«ኢማ፣ ቤሴደር?»

መለስኩ። ቆመ።

ልጄ በማጉያው ሳቀች። እኔ ሞቴን ስጠብቅ እሷ ትስቃለች!

«እማ! በትንፋሽ እኮ ነው አዎ የምትዪው! ሳብ ባደረግሽው ቁጥር ዕጢው ይዘላል!»

«ታዲያ ስጠየቅ ዝም ልበል? ነውር አይደለም?»

ልጄ እውነቷን ነው። እኛ አገር አዎ ለማለት ቃል አይወጣም፤ አየር ወደ ውስጥ ሳብ ነው። ዕድሜዬን ሙሉ ሳደርገው ልብ ብዬው አላውቅም።

«በቃ አልጠይቅሽም፤ ከፈለግሽኝ ጣትሽን አንሺ» አለች ባለሙያዋ። ከዚያ በኋላ ጨረሩ እስኪያልቅ አልቆመም።

ስወጣ ምስሉን አሳየችኝ። ዕጢዬ ትንሽ ጥላ ናት። ዙሪያዋ አረንጓዴ መስመር አለ፤ ስትወጣ አብሯት ይወጣል፣ ስትወርድ ይወርዳል። የሰውን ውስጥ እንዲህ የሚያይ ፈጣሪ ብቻ ይመስለኝ ነበር።

«ኮምፒውተሩን ይህን ማን አስተማረው?»

«ካንቺ በፊት የታመሙ ሰዎች ምስል። ብዙ አይቶ ነው የተማረው።»

«እነሱስ ዳኑ?»

ልጄ ለመተርጎም ዘገየች።

«አንዳንዶቹ» አለች ባለሙያዋ።

ሰፈራችን ጊቫት ኦልጋ እስክንደርስ አውቶቡሱ ውስጥ አልተናገርኩም። ልጄ የከፋኝ መስሏት እጄን ያዘች። እኔ ግን ለማላውቃቸው ሰዎች እየጸለይኩ ነበር፤ ለዳኑት ጤና፣ ላልዳኑት ዕረፍት።