የአክስቴ ድምፅ ፈቃድ የተጠየቀበት ቀን

የስልክ ማዞሪያው ገመድ ከቀዳዳው ሲነቀል «ቷ» ይል ነበር። በልጅነቴ ከትምህርት ቤት ስመለስ ወደ አክስቴ መሥሪያ ቤት ጎራ እያልሁ፣ በሩ ሥር ካለችው አግዳሚ ወንበር ላይ ተቀምጬ ያን ድምፅ እሰማ ነበር። «ቷ፣ ቷ»፤ ከዚያም የእርሷ ድምፅ። «ይቅርታ፣ መስመሩ ተይዟል። ትንሽ ቆይተው ይሞክሩ።»

አክስቴ ደዋዮችን በገመድ የምታገናኝ የስልክ ኦፕሬተር ነበረች። ኩባንያው በሰው ፈንታ የሚናገር ቴፕ ባስገባ ጊዜ ከሥራ ጓደኞቿ መካከል ተመርጣ ድምጿ ተቀዳ። ከዚያ ወዲህ በከተማው መስመር በተያዘ ቁጥር የምትናገረው እርሷ ሆነች። የሰፈር ልጆች «እትዬ መስመር» አሏት። ባሏ፣ ልብስ ሰፊው አጎቴ፣ «እቤትም አንቺ፣ ውጭም አንቺ፤ የት አባቴ ልሂድ?» እያለ ይቀልድባት ነበር። እርሷም «እኔ የማልናገርበት አገር ካገኘህ ንገረኝ፤ ለማረፍ እኔም እመጣለሁ» ትለዋለች።

በሥራዋ አንድ ልማድ ነበራት። የማዞሪያው ኃላፊ የነበሩት ሴት «ክፉ ወሬ በሩጫ አይነገርም» ብለው ስላስተማሯት፣ «ይቅርታ» ከማለቷ በፊት ጥቂት አየር ሳብ ታደርጋለች። እኔ ያኔ የሁሉም ሰው አነጋገር እንዲያ ይመስለኝ ነበር።

ጡረታ ከወጣች በኋላ ጉሮሮዋን ታመመች። ሐኪሞቹ ነፍሷን አተረፉ፤ ድምጿን ግን ማትረፍ አልቻሉም። የቀረላት ደረቅ ቅጠል ሲረገጥ የሚሰማውን የመሰለ ሹክሹክታ ነው። እርሱንም ታፍርበት ስለ ነበር አብዛኛውን ነገር በእጇ ምልክት ማስረዳት ጀመረች። አጎቴም ቀልዱን ተወ።

ስለ ሰው ሠራሽ አስተውሎት ሕግ መውጣቱን ሬዲዮው ሲናገር ከቤተሰባችን ማንም ጆሮ አልሰጠውም። የትልልቅ ድርጅቶች ጣጣ መስሎን ነበር። ልጠይቃቸው በሄድሁበት ቀን ግን የስልክ ኩባንያው ጠበቃ በሩን አንኳኳች። ገና ወጣት ናት፤ ወንበር ተሰጥቷት እንኳ አክስቴ ሳትቀመጥ አልተቀመጠችም።

«እትዬ፣ ከድሮው ቴፕዎ ተነሥተን ሰው የሚያናግር ማሽን ሠርተናል» አለች። «እውነቱን ልንገርዎ፣ ቀድሞ ቢሆን ዝም ብለን እንጠቀምበት ነበር። አሁን ሕጉ የድምፁን ባለቤት ሳታስፈቅዱ ለሕዝብ አታሰሙ ይላል። ለየትኛው ሥራ እንደሚውል የሚወስኑትም እርስዎ ነዎት። እምቢ ካሉ እናጠፋዋለን።»

«ቴፑ ግን ይኖራል አይደል?» አለ አጎቴ።

«ቴፑ ሻግቶ ተጥሏል፣ ጋሼ። የቀረው ይኸው ብቻ ነው።»

ሕግ ሲባል እኔ የማውቀው «ክልክል ነው» የሚል ሰሌዳ ነበር። ሕግ እንዲህ ከሰው ቤት ድረስ መጥቶ «ይፈቅዱልናል?» ብሎ ሲጠይቅ ያየሁት ያን ቀን ነው።

ጠበቃዋ ስልኳን ከጠረጴዛው ላይ አኖረች። «ጤና ይስጥልኝ። እኔ ሰው አይደለሁም፤ የስልክ ኩባንያው ማሽን ነኝ» አለ ድምፁ። አክስቴ ነበረች! ያቺ የማዞሪያዋ ወጣት። ቀጥሎ አየር ሳብ አደረገና «ይቅርታ፣ በአካባቢዎ መስመር ተበላሽቷል፤ ሠራተኞቻችን እየጠገኑት ነው» አለ። ይህን በዕድሜዋ ብላው አታውቅም።

«ትንፋሹን ማን አስገባው?» አለች አክስቴ፣ በሹክሹክታ።

«ማንም። ከእርስዎ የተማረው ነው። የእኛ ሰዎች ብልሽት መስሏቸው ሊያጠፉት ነበር።»

«ሳንባ የለው፣ ምን ሊረባው ይተነፍሳል?» አለ አጎቴ። ሳቅን፤ ሳቃችን ግን ቶሎ አለቀ።

«ሰው አይደለሁም የሚለውስ?» አልኋት ጠበቃዋን።

«እሱን ሕጉ ነው ያስገደደው። የሚሰማው ሰው እንዳይታለል።»

አጎቴ ወንበሩን ወደ ጠረጴዛው አስጠጋ። «የኔ ልጅ፣ በል ያሉትን ሁሉ ይላል?»

«የጻፍንለትን ሁሉ ይላል።»

«እስቲ ‹ሸምበቆ› አሰኚልኝ።»

በጎረምሳነቱ ቀጭን ረጅም ነበርና፣ ከአክስቴ በቀር በዚህ ስም የሚጠራው ሰው የለም። ከታመመች ወዲህ እርሷም ጠርታው አታውቅም። የጠበቃዋ ጣት ወደ ስልኩ ሄዶ መንገድ ላይ ቆመ።

«ይቅርታ፣ ጋሼ። ያለ ባለቤትዎ ፈቃድ አልችልም።»

ሁላችንም ወደ አክስቴ ዞርን። ስልኩን ሰው ይመስል ትኩር ብላ አየችው።

«ለተቸገረ ሰው ይናገርልኝ» አለች ቀስ ብላ። «ሐኪም ለሚፈልግ፣ መስመር ለተቋረጠበት። ፈቅጃለሁ።»

«ለጋሼስ?» አለች ጠበቃዋ።

«ለእሱ አይሆንም።»

ጠበቃዋ ሁለቱንም መዘገበች። አጎቴ አንገቱን ደፋ፤ በመርፌ የጠነከሩ ጣቶቹን ማሻሸት ጀመረ። አክስቴ ወደ እርሱ ዘንበል አለች፤ በዚያ በምታፍርበት፣ በተሰነጣጠቀው ድምጿ፣ «ሸምበቆ» አለችው። «እኔ እያለሁ ማሽን ይጥራህ?»

አጎቴ ብድግ አለ። እንግዳዋን እንኳ ሳይሰናበት፣ ዓይኑ ማርጠቡን እንዳናይበት ቀና ሳይል፣ ከክፍሉ ወጣ።