ጀርባውን ሰጥቶ የሚቃኘው የሃዋይ ሰው በላሊበላ

ቅዳሜ፣ ንጋት 11፡30፣ ወልድያ

መናኸሪያው ገና በወጉ አልነጋለትም። ሚኒባሱ ግን ሞልቷል። ሞልቷል ስል ረዳቱ ለሦስት ሰው በተሠራ ወንበር ላይ አራተኛ ሰው አስቀምጦ "ጠጋ ጠጋ በሉ" ማለት ጀምሯል ማለቴ ነው። እግሬ ሥር የሌላ ሰው የዱቄት ጆንያ፣ ጉልበቴ ላይ የራሴ ቦርሳ፣ ስልኬ ላይ ደግሞ ከእንቅልፌ የቀሰቀሰኝ ማስታወቂያ አለ፦ "የሃዋይ ሙዚቃ በቀጥታ! ዛሬ ከቀኑ አሥር ሰዓት፣ ላሊበላ።"

አላመንኩም። ከጥቂት ዓመታት በፊት ደሴ ላይ "ከጃማይካ የመጣ ባንድ" ተብሎ ከፍዬ ገብቼ ነበር። ዘፋኙ ውኃ ሲጠጣ ዘፈኑ አልቆመም። ኋላ ሳጣራ ልጁ የኮምቦልቻ ሰው ሆኖ ተገኘ። ከዚያ ወዲህ መድረክ ላይ ሰው ባየሁ ቁጥር ዓይኔ የሚሄደው ወደ ሽቦው ነው። ለጋዜጣችን አዘጋጅም "ማጭበርበሩን በቪዲዮ ይዤልህ እመጣለሁ" ብዬው ነው የወጣሁት።

ረፋድ 3፡00፣ ኩልመስክ

አቧራ፣ ጥምዝምዝ፣ ገደል፣ እንደገና አቧራ። ኩልመስክ ለቁርስ ቆምን። ሽሮው ትኩስ ነው፣ ቃሪያው ያስለቅሳል። ሾፌሩ ከጎኔ ተቀምጦ የምሄድበትን ጠየቀኝና ነገርኩት።

"ሃዋይ የት ነው ያለው?"

"ውቅያኖስ መሀል ያለ ደሴት ነው።"

"ከዚያ ሁሉ ውኃ ወጥቶ እዚህ ዳገት ላይ ምን ያደርጋል?"

"እኔም እሱን ልጠይቅ ነው የምሄደው።"

"ሊሳለም መጥቶ ይሆናላ" አለና እጁን ሊታጠብ ተነሣ። "አንተ ደግሞ ምነው ጥርጣሬ አበዛህ።"

ቀትር፣ ላሊበላ

የሆቴሉ ባለቤት ወይዘሮ አዛለች በረንዳው ላይ ወንበር ሲያስደረድሩ ደረስኩ። እንግዳቸው ኬኦላ ይባላል፤ ይምርሐነ ክርስቶስን ሊያይ መጥቶ፣ አስጎብኚው መንደፍሮ ማታ ማታ የሚመታውን ክራር ሰማና በዚያው ቀረ። ይኸው ሦስት ሳምንቱ፣ ሁለቱ አብረው ይጫወታሉ አሉኝ።

"አንድ ነገር ብቻ ለምኖናል" አሉ ወይዘሮ አዛለች። "ጊታሩን ሲቃኝ ማንም ስልክ እንዳያነሣ።"

"ለምን እትዬ?"

"እኔ ምን አውቄ ልጄ። የሰው አመል ነው።"

በሆዴ "ያዝኩህ" አልኩ።

10፡00

ኬኦላ ስልሳን ያለፈ፣ ትከሻው ሰፊ፣ ሽበቱን ወደ ኋላ ያሰረ ሰው ነው። አበባ በበዛበት ሸሚዝ ላይ ጋቢ ደርቧል። መንደፍሮ ክራሩን ታቅፎ አጠገቡ ተቀመጠ። አርባ የምንሆን ሰዎች አለን፤ አስጎብኚዎች፣ መስቀል ሻጮች፣ ጥቂት ፈረንጆች።

ከዚያ ሰውዬው ጀርባውን ሰጠን። ጊታሩ ላይ አጎንብሶ የሆነ ነገር ነካካ፣ ዞረና መጫወት ጀመረ። ድምፁ ለስላሳ ነው፤ ሁለት ሰው የሚጫወት እስኪመስል አውራ ጣቱ ወፍራሙን ክር፣ ሌሎቹ ጣቶች ቀጭኑን ይመታሉ። ይኸው ጥራቱ ነው ይበልጥ ያስጠረጠረኝ። ዘፈኑ ሲያልቅ ደግሞ ቶሎ ብሎ ክሮቹን በሙሉ አላላቸው። ለሁለተኛውም ጀርባውን ሰጠ። ለሦስተኛውም። እንዲያ የላላ ክር ነካ ነካ ስለተደረገ ብቻ እንዴት እንዲህ ይጮኻል? ድምፁ የሚመጣው ከስፒከሩ እንጂ ከሰውዬው አይደለም ብዬ ደመደምኩ።

ተነሣሁ። "ስፒከሩ ይነቀል። ፊታቸውንም ወደኛ አዙረው ይቃኙ።"

ወይዘሮ አዛለች አፋቸውን በነጠላቸው ያዙ። መንደፍሮ "ይሄንን አልተረጉምም" አለ። በራሴ እንግሊዝኛ ለኬኦላ ነገርኩት።

ኬኦላ ከወንበሩ ተነሣ። ሄዶ ሽቦውን ራሱ ነቀለው። ወንበሩን ወደኛ አዙሮ እያንዳንዱን ክር አንድ በአንድ፣ በዝግታ ቃኘ። ማንም ስልክ አላነሣም፤ ከእኔ በቀር። ከዚያ ተጫወተ። ድምፁ አነስ አለ እንጂ ያው ነበር፤ እንዲያውም አማረ። ሲያበቃ ክሮቹን አላላላቸውም፤ ጊታሩን ወንበሩ ላይ ትቶ ወደ ክፍሉ ገባ።

መንደፍሮ ግቢው ውስጥ ያዘኝ።

"የወሎ ልጅ ነህ አይደል?"

"ነኝ።"

"ከባቲ ወደ አምባሰል ሲኬድ ክራሩ እንደገና አይቃኝም?"

"ይቃኛል።"

"ታዲያ ቅኝት መቀየር ምኑ ነው ሌብነት የመሰለህ?"

የኬኦላ አያት ሃዋይ ውስጥ ከብት ጠባቂ ነበሩ፣ ቅኝቱም ከእሳቸው የወረደ ነው አለኝ። በእነሱ አገር የጊታሩን ክር አላልቶ መቃኘት የየቤተሰቡ ምስጢር ነው፤ ለልጅ እንጂ ለባዳ አይታይም። ሲጨርሱ የሚያላሉትም ሌላ ሰው አንሥቶ እንዳያውቀው ነው። "እኔ አብሬው ስጫወት እንኳ፣ ሲቃኝ ፊቴን አዞራለሁ። ውሸታም ስላልከው ነው ዛሬ ያወጣው።"

"ለምን ቀድማችሁ አልነገራችሁኝም?"

"መች ጠየቅህ? ፈረድህ እንጂ።"

አፈርኩ። የምገባበት ጠፋኝ።

እሑድ፣ ጠዋት 2፡30

ይቅርታ ልጠይቅ የኬኦላን በር አንኳኩቼ ገባሁ። ጊታሩና ክራሩ ፊት ለፊት ተቀምጠዋል። ኬኦላ መንደፍሮን ቅኝቱን እያስተማረው ነው። "አንድ ጊዜ ከወጣ አይቀር፣ ዓይንህን ያዞርከው አንተ በደንብ እወቀው አለኝ" አለ መንደፍሮ።

ይቅርታዬን ሰምቶ ኬኦላ እጄን ጨበጠኝ። ስለ ቪዲዮው ጠየቀ። አጠፋዋለሁ አልኩ። በእሺታ ራሱን ነቀነቀና ወደ ጊታሩ ተመለሰ። እኔ ብሆን "ስልኩን ወዲህ በል፣ ፊቴ አጥፋው" እል ነበር።

"ስትወጣ በሩን ዝጋው" አለኝ መንደፍሮ።

እሑድ፣ ከቀኑ 9፡00፣ ወልድያ

መንገድ ላይ ቪዲዮውን ሁለት ጊዜ ከፍቼ አየሁት። ከዚህ የተሻለ ቀርጼ አላውቅም። ኩልመስክን ስናልፍ አጠፋሁት።

ከሚኒባሱ ስወርድ አዘጋጁ ደወለ። "እህሳ፣ ያዝከው?"

"ሙዚቃው እውነተኛ ነው።"

"ቪዲዮውን ላከው።"

"የለም።"

"ያንን ሁሉ መንገድ ሄደህ ማስረጃ የለም? አንተንም ገዙህ ማለት ነው?"

"በጆሮዬ ሰምቻለሁ" አልኩት። ሌላ የማሳየው ነገር አልነበረኝም።