የጭቃው ገንዳ ዓሦች

ደርግ አገሬ መግቢያ ባሳጣኝ ዘመን፣ ዙሪክ፣ አልትሽቴተን ውስጥ፣ ከአንድ መጋዘን ምድር ቤት ዓሣ በማብላት እተዳደር ነበር። አላጋነንኩም። አዲስ አበባ ቢሮ ተቀምጬ ፊርማ ስፈርም የኖርኩ ሰው፣ ነጭ ጋዋን ለብሼ የሁለት ገንዳ ዓሦች አሳላፊ ሆንኩ።

አለቃዬ የባሕር እንስሳትን የሚያጠኑ ዶክተር ነበሩ። ከባሕር ወለል በታች ነዳጅ ሲቆፈር መሰርሰሪያውን የሚያለሰልሱበት ጭቃ አለ፤ ሥራው ሲያልቅ እዚያው ባሕሩ ውስጥ ይደፋል። ዶክተሯ ማወቅ የፈለጉት ይህ ጭቃ ዓሦቹን ምን እንደሚያደርጋቸው ነው። በአንዱ ገንዳ ንጹሕ የጨው ውሃ፣ በሌላው ያው ውሃ ጭቃ ተጨምሮበት። የእኔ ድርሻ ለሁለቱም ምግብ እኩል መስፈር ብቻ።

ክፋቱ ወቅቱ ሁዳዴ ነበር። እስከ ዘጠኝ ሰዓት ስለምጾም የተራበ ፊት ቶሎ ይገባኛል። የጭቃው ገንዳ ዓሦች ውሃቸው ደፍርሶ ምግቡ ሳያዩት ያልፋቸውና መስታወቱ ሥር መጥተው አፋቸውን ይከፍቱብኛል። አንጀቴን በሉት። እናቴ ቤት ደጋግሞ ያልተለመነ እንግዳ ተጋበዘ አይባልም። እኔም "በሞቴ፣ ይቺን ብቻ!" እያልኩ አንድ ማንኪያ ጨመርኩ። ሲለምዱኝ ሁለት። ፋሲካ ሳይገባ ወፈሩልኝ፤ ደስታዬ ልክ አልነበረውም።

ዶክተሯ መዝነው ተገረሙ። ውጤቱን ጄኔቫ ላይ ለተጠራ ስብሰባ ሊያቀርቡ፣ ፎቶ ማሳያውን እኔን አሸክመው በባቡር ሄድን። በርንን ስናልፍ ወረቀታቸውን እያነበቡ፣ "ጭቃው ያወፍራል ማለት ነው። የአንድ ነዳጅ ኩባንያ ሰው ትናንት ደውሎ ቅጂ ጠየቀኝ" አሉ።

ክው አልኩ። በእኔ ማንኪያ ምክንያት ጭቃውን ደስ ብሏቸው ሊደፉ ነው። ብናገር ደግሞ ሥራዬ ይሄዳል፤ ቤቪሊጉንግ የሚሉት የመኖሪያ ፈቃዳችንም ከሥራዬ ጋር የተያያዘ ነው። ጠዋት ሽዋመንዲንገን ከሚባለው ሰፈራችን፣ ከቤት ስወጣ ባለቤቴ፣ "ቤቪሊጉንጋችን የሚታደሰው በሚቀጥለው ወር ነው። አደራህን፣ ሴትዮዋን እንዳታስቀይም!" ብላኛለች። ሎዛን እስክንደርስ ከራሴ ጋር ተሟገትኩ።

"ዶክተር፣ ያወፈራቸው ጭቃው አይደለም፤ እኔ ነኝ" አልኩ።

"እርስዎ?"

"አሳዘኑኝ። ትርፍ እየሰጠሁ ነበር።"

ፊታቸውን ወደ መስኮቱ አዞሩ። ትከሻቸው ሲንቀጠቀጥ የሚያለቅሱ መስሎኝ ብድግ አልኩ። ለካስ እየሣቁ ነው።

ጄኔቫ ላይ መድረክ ወጥተው፣ "ውጤቱን አትቀበሉት፤ ረዳቴ ለተጎዱት አዝኖ አብልቷቸዋል" ሲሉ አዳራሹ በሣቅ ተናጋ። ያልሣቀው የኩባንያው ሰው ብቻ ነበር። ስንመለስ ዶክተሯ፣ "ሰኞ እንደገና እንጀምራለን፤ ሚዛኑን የሚይዙት እርስዎ ነዎት" አሉኝ። ባለቤቴ ይህን ስትሰማ እልል ልትል ምንም አልቀራት፤ ፈቃዳችንም በወሩ ታደሰ።

ሁለተኛውን ዙር መዝኜ እኩል ሰጠሁ። አዲሶቹ የጭቃው ገንዳ ዓሦችም ምግቡ አልፏቸው መስታወቱ ሥር መጡ። እጄን ኪሴ ከትቼ ቆምኩ። ዓሦቹ ከሱ፤ ከዚያም አንድ በአንድ ሞቱ። ዶክተሯ ለዓለም የሚናገሩት እውነት እጃቸው ገባ። እኔ ግን ያ እውነት እንዲታወቅ ርቧቸው የመጡብኝን እንግዶች ሳላበላ መለስኩ።