ተምች የበላው መስክ

ባለፈው ሰኔ ለዘገባ ሥራ ሄጄ ደብረ ታቦር አድሬ ነበር። ጠዋት ከክፍሌ ስወጣ በረንዳው ግድግዳ ላይ፣ ከአምፖሉ ሥር፣ ግራጫ የእሳት እራቶች ተለጥፈው አገኘሁ። ሲዘንብ አድሮ መሬቱ ረጥቧል። ግቢውን የምትጠርገው ልጅ በመጥረጊያዋ እያራገፈች ጭቃው ላይ ትጥላቸዋለች። አንዱን አንስቼ ክንፉን ስገልጥ ቆም ብላ አየችኝ።

«እትዬ፣ ይኼንንም ዜና ሊያደርጉት ነው?»

ጅዳ ስትሠራ አሠሪዋ አንዲት ዝንብ ካየች ቤቱን ሁሉ ፍሊት ታስነፋት እንደነበር አጫወተችኝና ወደ ጠረጋዋ ተመለሰች። እጄ ላይ ያለው የላይ ክንፉ ቡናማ፣ የታችኛው ነጣ ያለ ነው። ለሚያየው ሰው ምንም አይደለም። እኔ ግን አውቀዋለሁ፤ የተምች እናት ነው።

በሥራዬ ምክንያት ስለዚህ ፍጥረት ብዙ ባለሙያ ጠይቄአለሁ። የእሳት እራቱ ራሱ ሰብል አይነካም። ዝናብ ከሚያመጣው ነፋስ ጋር ከቆላ ይወጣና ሣር ላይ እንቁላሉን ይጥላል። ከዚያ የሚፈለፈለው ትል ጥቂት ከሆነ ሣር መስሎ፣ አረንጓዴ ሆኖ፣ ማንም ሳያየው ያድጋል። ከበዛና ከተጨናነቀ ግን መልኩ ይጠቁራል፤ ሣሩን ሲጨርስ በአንድነት ይነሣና ወደ ማሳ ይገባል። ገብስ፣ ጤፍና ስንዴ ይበላል፤ ባቄላ አጠገቡ ቢኖር ዞር ብሎም አያየውም። ሲጠግብ አፈር ውስጥ ይገባል፣ ክንፍ አብቅሎ ይወጣል፣ ይሄዳል። በሄደበት ማንም አይከተለውም። የእኔ ነገር የሚጀምረው እሱ ከሄደ በኋላ ነው።

መንደራችን ከገሳይ ዝቅ ብሎ፣ የጉና ብርድ በሚወርድበት በኩል ነው። ልጅ ሳለሁ ተምች በመጣበት ክረምት ትምህርት ቤት ተዘግቶ ቤት ነበርኩ። አባቴ አንድ በሬ ነበራቸው፣ ግንባሩ ላይ ነጭ ያለበት ቦራ። ጎረቤታችን አያ ደምስም አንድ በሬ ነበራቸው፣ ዳልቻ። በአንድ በሬ አይታረስም፤ ስለዚህ ሁለቱ መቀናጆ ነበሩ። ቦራና ዳልቻ በአንድ ቀንበር ተጠምደው አንድ ቀን የእኛን፣ በማግሥቱ የእነሱን መሬት ያርሳሉ። ይህን ከእኔ መወለድ በፊት ጀምሮ ሲያደርጉት ኖረዋል። ሁለቱ በሬዎች ተለያይተው ሲሰማሩ እንኳ ይፈላለጉ ነበር። አያ ደምስ በዕድሜ ከአባቴ ያንሳሉ፤ ጨዋታ አዋቂ ነበሩ። ከእርሻ ሲመለሱ እናቴ የምታቀርብላቸውን የገብስ ቆሎ እየቆረጠሙ አባቴን ሲያስቁ ትዝ ይለኛል። አባቴ ሌላ ሰው ሲያስቃቸው አላየሁም።

ከወንዙ ወዲህ ክልክል የምንለው መስክ አለ። ክረምት ሲገባ በመንደሩ ስምምነት ይዘጋል፤ ሣሩ እስኪታጨድ ድረስ ከብት አይገባበትም። ተምቹ የወረደው እዚያ ነው። የተዘጋ መስክ ማንም ስለማይረግጠው ማንም አላየውም። ያየነው ጠቁሮ ሲነሣ ነው። ድምፅ ነበረው፤ ካፊያ ደረቅ ቅጠል ላይ ሲወርድ እንደሚሰማው ያለ። መንደሩ በሙሉ ወጥቶ በገብሱ ዳር ቦይ ቆፈረ። ገሚሱን አዳንን፣ ገሚሱ ሄደ። ቅጠል እየቆረጥን ቦይ ውስጥ የወደቀውን ስንደበድብ ከእግራችን ሥር የሚወጣው ሽታ፣ እንደ ረጠበ ድርቆሽ ያለው፣ ለብዙ ቀን ከልብሳችን አልለቀቀም።

የግብርና ሠራተኛው በዚያ ሰሞን ገሳይ ገበያ ላይ ሰው ሰብስቦ ሁለት ነገር ተናገረ። መድኃኒት እየመጣ ነው አለ። ተምች የበላው ሣር ላይ ደግሞ ለጊዜው ከብት እንዳታስገቡ አለ። መድኃኒቱ እኛ ዘንድ ሳይደርስ ትሉ አፈር ገባ። ዝናቡ ቀጠለና ክልክሉ እንደገና አቆጠቆጠ፤ ሰርዶው ለምልሞ ዓይን ይስባል። ከብቱ ርቦታል፣ ድርቆሽ አልቋል፣ ጤፍ የሚዘራበት ጊዜ ደርሷል፣ በሬ ጉልበት ይፈልጋል። ሽማግሌዎቹ ተቀመጡና መስኩ ይከፈት አሉ። የሠራተኛውን ማስጠንቀቂያ ያነሣ ሰው ነበር። መልሱ ሁሉንም አሳመነ፤ ሰውየው ከብት አታስገቡ ያለው ለሚረጨው መርዝ ነው፣ እኛ ዘንድ ደግሞ አልተረጨም። እኔም አስተማሪ ቢጠይቀኝ ይህንኑ እመልስ ነበር።

አያ ደምስ ብቻ እምቢ አሉ። «እኔ በጆሮዬ ሰምቼዋለሁ። ተምቹ የበላው ሣር አለ እንጂ መርዝ የተረጨበት አላለም» ብለው ዳልቻን ቤት አሰሩት። ከጓሯቸው የባቄላ ቅጠል እያጨዱ ይቀልቡት ጀመር። መንደሩ መዝናኛ አገኘ።

«ደምስ፣ በሬውን ቀልበህ ልትድረው ነው እንዴ?» ይሏቸዋል።

«ሙሽራዋን ፈልጉልኝ፣ ጥሎሽ አልጠይቅም» ይላሉ እሳቸው።

አባቴንም ለምነዋቸዋል። አባቴ ግን ቦራን በገዛ እጃቸው እየነዱ ወስደው መስኩ ላይ ለቀቁት።

ቀኑ ወደ ማታ ሳይል ከብቱ መውደቅ ጀመረ። ቦራ ከመስኩ በእግሩ ወጥቶ ነበር፤ በረታችን በር ላይ ሲደርስ ጉልበቱ ከዳው። አፉ አረፋ ደፈቀ፣ ሆዱ ተነፋ፣ ተንቀጠቀጠ። አባቴ አንገቱን አቅፈው ተቀመጡ። ሲሞት እንኳ ዓይኑን አልጨፈነም። የሌሎች ሰዎችም ከብት ሞተ፤ ለቅሶ የሌለበት ግቢ ጥቂት ነበር።

በማግሥቱ ሰው ምክንያት መፈለግ ጀመረ። መስኩን ክፈቱ ያሉት ሽማግሌዎች ነበሩ፣ ያስገባው ደግሞ እያንዳንዱ ባለቤት ነው። ስለዚህ ጥያቄው ሌላ ሆነ። ደምስ አስቀድሞ በምን አወቀ? ከመንደሩ በሬ ሁሉ የእሱ ብቻ እንዴት ታስሮ ዋለ? ከቀናት በፊት ያስጠነቀቁበት አፋቸው ምስክር ሆነባቸው። መስኩ ላይ አንድ ነገር በትነዋል ተባለ። ይህን መጀመሪያ ማን እንደተናገረ ኋላ ብዙ ጠየቅሁ፤ ሁሉም ከሌላ ሰው ነው የሰማው።

አንድ ጠዋት አያ ደምስ ዳልቻን ስበው ደጃችን መጡ። በሩን የከፈትኩት እኔ ነኝ። በሬው ወደ በረቱ አንገቱን አስግጎ ይጣራ ነበር።

«አያ፣ የሚጣመር በሬ የሚያውስ ካገኙ ዳልቻ ይኸው። የእርስዎ መሬት ይቅደም፣ የእኔ ይደርሳል» አሉ።

አባቴ ከተቀመጡበት አልተነሡም። «ካንተ በሬ ጋር የተጠመደ በሬ አይበረክትም ይላሉ። ውሰድልኝ» አሉ።

አያ ደምስ ዳልቻን ስበው ተመለሱ። ያ ክረምት ሳይወጣ መንደሩ ውስጥ ከዳልቻ ጋር በሬውን የሚያቀናጅ ሰው ጠፋ። የእሳቸው መሬትም እንደኛው ጦም አደረ። በሬውን ይፋግ ገበያ ወስደው ሸጡት፤ ቤተሰባቸውን ይዘው ቆላ ወረዱ፣ በሰው እርሻ ተቀጠሩ። ከጥቂት ዓመት በኋላ ወባ ገደላቸው ሲባል ሰማን። ባለቤታቸው እትዬ ዘውዴ ልጆቿን ይዛ ተመለሰችና ከወንዙ ማዶ፣ ወንድሟ ዘንድ ተጠጋች።

እኔ እውነቱን የሰማሁት ጋዜጠኛ ሆኜ ነው፤ ስለ ተምች ልዘግብ ስሄድ አንድ ባለሙያ ሳልጠይቀው ነገረኝ። ተምች የጨረሰው ሣር እንደገና ሲያቆጠቁጥ ከብት ሊገድል ይችላል። አንዳንዱ መርዙ ከሰርዶው ከራሱ ነው ይላል፣ አንዳንዱ በትሉ ኩስ ላይ ከሚበቅል ሻጋታ ነው ይላል። የትኛው እንደሆነ እሱም እርግጠኛ አልነበረም። ሰው የበተነው ነገር ግን አያስፈልግም። ያን ቀን ለአባቴ ልነግራቸው አስቤ ተውኩት፤ ሐዘናቸውን መቀስቀስ መሰለኝ። ከዚያም ዓመታት አለፉ።

ባለፈው ሰኔ ግን ከደብረ ታቦር ወደ መንደራችን ወጣሁና ነገርኳቸው። አባቴ አርጅተዋል፤ ፀሐይ ግድግዳው ላይ ስትወጣ ጋቢያቸውን ለብሰው ይሞቃሉ። ባለሙያው ያለውን ሳልጨምር ሳልቀንስ ነገርኳቸው። ይደነግጣሉ ብዬ ፊታቸውን አየሁ። አልደነገጡም።

«አውቃለሁ» አሉ። «ቦራን ገፈን ሆዱን ስንከፍተው ያየሁት ሰርዶ ብቻ ነው። ያስገባሁትም እኔ ነኝ።»

«ታዲያ አያ ደምስን ለምን?»

«የእሱ በሬ ቆሞ ነበር» አሉ።

በዕድሜዬ ሙሉ ሰው ሲያጠፋ ባለማወቅ ነው፣ ቢያውቅ ይመለሳል ብዬ የሠራሁ ሰው ነኝ። ሥራዬም በዚህ ላይ የቆመ ነው። እዚያ ግድግዳ ሥር ግን እውነቱ እኔ ከማወቄ ከብዙ ዓመት በፊት ታውቆ እንደነበር፣ ማንንም እንዳላዳነ ገባኝ። የጎደለው እውቀት አልነበረም።

እትዬ ዘውዴ ዛሬም ገሳይ ገበያ ስትወጣ በመንደራችን እንደማታልፍ፣ በወንዙ በኩል ዞራ እንደምትሄድ ነገርኳቸው። በእሷ ዕድሜ።

አባቴ ጋቢያቸውን ወደ ትከሻቸው ሰበሰቡ።

«በዚያ በኩል» አሉ፣ «ክረምት ሲሆን ጭቃው አይቻልም።»